ያሳደገችውስ ምን ሆነች?

ኡም ሰላል መሐመድ፣ ዶሃ
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ፈውዚያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፤ የስፌት መኪናሽን ድምፅ ከሰፈሩ አያጥፋው። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ ለእንግዳ ብለሽ አስቀመጥሽው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኩን ሁልጊዜ የምታነሳው ሰዕዲያ ናት፤ ድምፁም ለግቢው ሁሉ ይሰማል። ይሄ ግን መጀመሪያ ለብቻሽ እንድታነቢው የምፈልገው ነገር ነው። ሀይደር፣ እዚህ የገበያ ማዕከል ጥበቃ የሚሠራው የሐርቡ ልጅ፣ ለእረፍት ስለሚገባ በእጁ ልኬልሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንትራቴ የካቲት ላይ ያልቃል፤ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ አላሳድስም። ኸላስ፣ ዘጠኝ ዓመት ይበቃል። ኢንሻአላህ ከረመዳን በፊት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እገባለሁ። ደሴ ላይ ቤት ተከራይቼ ከልጄ ከሰዕዲያ ጋር እዚያ ለመኖር አስቤያለሁ። ለሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት አስመዘግባታለሁ። እስቲ አንቺ ቀስ አድርገሽ ንገሪያት። ካንቺ አፍ ብትሰማው ይሻላል።

አሁን ደግሞ ደስ ያለኝን ላጫውትሽ። አዳነችን ታስታውሻታለሽ? ኡም ጉዋይሊና የሚባለው ሰፈር የምትኖረው፣ ፀጉር ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ። ባለፈው ዓርብ ጎትታ አንድ ቦታ ወሰደችኝ። ሔርሜላ የምትባል ደራሲ ከአዲስ አበባ እዚህ ያለች እህቷ ዘንድ መጥታለች፤ እዚህ በምትቆይበት ጊዜ በየወሩ አንድ ዓርብ ከልብወለዷ ልታነብልን ተስማምታለች። ቦታው ከሀበሻ ምግብ ቤቱ በላይ ያለው አዳራሽ ነው። እኔማ ደራሲ ሲባል ረጅም፣ ኮስታራ ሰው መስሎኝ ነበር። አጭር ሴት ናት፤ ከፍ ብሎ የተዘጋጀላትን ወንበር ትታ ከእኛ ፊት ለፊት ተራ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የመጣነው ባብዛኛው ሴቶች ነን፤ ግማሻችን በዓባያ፣ ግማሻችን በጂንስ።

ያነበበችልን አንዲት እናት ከዓረብ አገር ስትመለስ ያለውን ክፍል ነው። ልጅቷን አክስቷ ናት ያሳደገቻት። እናትየው በር ላይ ቆማ እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ሄዳ ከአክስቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ይሄን ስታነብ አዳነች እጄን ያዘችኝ። የዛሬ ሰባት ዓመት ለእረፍት ስመጣ የሆነውን ስለነገርኳት ነው።

አንብባ ስትጨርስ ሳቢር የሚባል ሹፌር ተነስቶ፣ «ይቅርታ፣ እናትየው ለምን አልተቀጣችም? ልጇን ጥላ ሄዳ ስትመለስ አንድ ነገር እንኳ ሊደርስባት አይገባም?» አላት።

«ልጆች አሉዎት?» አለችው።

«ሁለት።»

«የት ናቸው?»

«ወልዲያ።»

«እርስዎስ ምን ቢደርስብዎት ይሻል ነበር?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እሱም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ላሳፍርዎት አይደለም» አለችው። «አባት ሲሄድ ሥራ ሄደ እንላለን። እናት ስትሄድ ጥላ ሄደች እንላለን። ሦስት መቶ ገጽ የጻፍኩት ይህችን ‹ጥላ› የምትል አንድ ቃል ከእናት ላይ ለማንሳት ነው።»

እትዬ፣ ወላሂ እንደዚህ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ምንም አልጠየቅሁም። ተቀምጬ ሰማሁ፤ በባቡር ስመለስም ገና እየሰማኋት ነበር።

ሰዕዲያን ሳሚልኝ። ስትነግሪያት ያለችውን ጻፊልኝ።

አክባሪሽ ሱረያ


ኮምቦልቻ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሱረያ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ በሄድሽበት ሁሉ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ፤ የድካምሽን ያሳይሽ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው የዩኒፎርም ሥራ ስለበዛብኝ ነው። ሀይደር ነገ እመለሳለሁ ብሎ ደጅ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ አሳጥሬ እጽፋለሁ።

ሰዕዲያ በፈተናዋ ጥሩ አምጥታለች። ሒሳብ ትወዳለች። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል።

ስለ ደሴው ቤት ያልሽው ጥሩ ነው። ደሴ ብርድ ነው፤ ልጅቷን ሳል ቶሎ ይይዛታል። እንዲያው ለማለት ያህል ነው። እስካሁን አልነገርኳትም። ፈተና ላይ ስለነበረች ነው።

ስለ ደራሲዋ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ትክክለኛ ሰው ትመስላለች። አንድ ነገር ግን ሳትነግሪኝ አለፍሽ። ልጅቷን ያሳደገችው ሴት፣ አክስትየው፣ እሷስ ምን ሆነች? መጽሐፉ ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? ካልተቸገርሽ ጠይቂልኝ።

ፈውዚያ


ኡም ሰላል መሐመድ፣ ዶሃ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈውዚያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሲነጋ በጤና የሚያስነሳሽ፣ ሲመሽ በሰላም የሚያሳርፍሽ አላህ ይመስገን።

ደብዳቤሽን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት። አጭር ነበር፤ ግን ቶሎ አልጨረስኩትም። ጥያቄሽንም አድርሻለሁ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሁለተኛው ንባብ ትናንት በስቲያ ነበር። የመጣው ሰው በዝቶ ከታች ከምግብ ቤቱ ወንበር አወጡ። ያን ቀን ሔርሜላ መጀመሪያ አላነበበችም፤ ስለ እናት አጻጻፍ አወራችልን። «እናትን ስንጽፍ ሐውልት እናቆማለን» አለች። «ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትሞታለች፣ ወይ ትባርካለች። አበባ እናስቀምጥላትና ዞር ብለን አናያትም። እኔ የምፈልጋት ግን ወጥ ያረረባት፣ ልጇ ያሰለቻት፣ ተቆጥታ የጮኸች፣ ከዚያ ደግሞ መልሳ የምትስቅ እናት ናት። እንዲህ ያለችዋን በየቤታችን እናውቃታለን፤ በየመጽሐፋችን ግን አናገኛትም።»

አዳነች መቼም አፏ አያርፍም። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አንቺ ወልደሻል?» አለቻት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በሔርሜላ ፊት ላይ ግን ቅር የመሰኘት ነገር አላየሁም።

«አልወለድኩም» አለች። «ጦር ሜዳ ያልዋለ ሰው ስለ ጦርነት ሲጽፍ ዘምተሃል ወይ አንለውም። እኔን ግን በሄድኩበት ሁሉ ይሄን ይጠይቁኛል። መልሴ መስማት እችላለሁ ነው። የወለዱትን እሰማለሁ፤ ያሳደጉትን እሰማለሁ። ከተሳሳትኩ ደግሞ እናንተ አላችሁ፤ ታርሙኛላችሁ።» አዳነች አጨበጨበች። ሁላችንም አጨበጨብን።

በዚህ ጊዜ እጄን አነሳሁ። እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። «ጥያቄው የኔ አይደለም» አልኩ። «ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ፈውዚያ ናት የላከችው። ልጅቷን ያሳደገችው ሴትስ ምን ሆነች?»

ሔርሜላ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ፈውዚያ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«ልብስ ትሰፋለች። የተማሪ ዩኒፎርም።»

«መጨረሻውን ማንበብ አልነበረብኝም፤ መጽሐፉን የሚገዛኝ ይጠፋል» አለች ፈገግ ብላ። «ግን ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣ ጥያቄ ባዶ እጁን አይመለስም።» ገልብጣ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበችልን።

እናትየው ልጅቷን ይዛ ሄዳለች። አክስትየው ቤቷን ትጠርጋለች፤ ጎረቤት ትጠይቃለች፤ ማንም ስታለቅስ አላያትም። ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት ሲደርስ ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሄዳ ትቆማለች። ዘበኛው፣ «እትዬ፣ ልጅቷ እኮ ለቃለች» ይላታል። «አውቃለሁ» ትለዋለች። «ሰዓቱ ሲደርስ እግሬ ዝም ብሎ አይቀመጥልኝም።» ዘበኛው የራሱን ወንበር አምጥቶ ያስቀምጣታል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

እትዬ፣ አዳነች እንደገና እጄን ያዘችኝ። ቆይቶ ሳቢር፣ ያ ባለፈው የተቆጣው ሹፌር፣ መጽሐፉን ይዞ ወደ ፊት ወጣ። «ሚስቴም እዚሁ ናት፤ ልጆቻችንን የያዘቻቸው እህቷ ናት» አላት። «የኔን ስም አትጻፊበት። የእህቷን ጻፊበት።»

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ባለፈው ከሰዕዲያ ጋር አውርተን ስንጨርስ ስልኩ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። «እማ፣ ዘጋሁት፤ ነይ ብይ» ስትልሽ ሰማሁ። ከእኔ ጋር ስታወራ ግን ሁልጊዜ «እትዬ» ናት የምትልሽ። እንዲያ በይ ያልሻት አንቺ ነሽ፣ አይደል? እኔን እንዳይከፋኝ። ስንት ዓመት በገዛ ቤትሽ ስምሽን ስትደብቂልኝ ኖረሻል?

እዚህ የምሠራበት ቤት ደግሞ የማዳም ልጅ ጃሲም አለ። አራት ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ እጄ ላይ ነው ያደገው። ከመዋለ ሕፃናት የሚያመጣውን አውቶቡስ በር ላይ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ። የካቲት ላይ ትቼው ስሄድ ማዳም ሌላ ሰው ታመጣለች፤ ልጁም ይረሳኛል፤ መርሳትም አለበት። ሔርሜላ የዘበኛውን ወንበር ስታነብ አንቺን አየሁሽ፤ ቀጥሎ ራሴን አየሁ። ለካ በሁለቱም በኩል ቆሜያለሁ።

መጽሐፉን ኪዳኔ የሚባል የአዳነች ወንድም ያመጣልሻል። ሔርሜላ ፈርማበታለች፤ «ለጠየቀችኝ ለፈውዚያ» ብላ።

ስለ ደሴው ነገር ቆዪ፣ እናስብበት።

ሱረያ


ኮምቦልቻ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱሬዬ፤

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ ዶሃ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። አላህ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፤ ያላሰብሽውን መልካም ነገር ደግሞ ይጨምርልሽ።

ይሄን ደብዳቤ ሰዕዲያ በስልክ ፎቶ አንስታ ናት የምትልክልሽ። ከእሷ የምደብቀው ነገር አልቀረም።

መጽሐፉ ደረሰ። ዓይኔ ደቃቅ ጽሑፍ ስለማያይልኝ ሰዕዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስፌት ቤቱ ውስጥ እያነበበች ታሰማኛለች። ልብስ ሊወስዱ የመጡ ሴቶች ልብሱን ይረሱና ቁጭ ይላሉ። ጎን ያለችው ሻይ ሻጭ በግድግዳው በኩል፣ «ጮክ በይ እንጂ!» ትላታለች። እናትየው ወጥ ያሳረረችበት ቦታ ላይ እንዴት እንደሳቅን ብታዪ! ስለኛ የሚጽፍ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ያውም እንዲህ እያሳቀ። ለሔርሜላ ዱዓ አድርገንላታል፤ ንገሪያት።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሰዕዲያ ማንበቧን አቆመች።

«እማ፣ ይህቺ ሴትዮ ለምን አብራቸው አልሄደችም?»

«ማን ጠራት?»

«እሷስ ለምን አብሬ ልሂድ አላለችም?»

የስፌት መኪናውን አቆምኩና ያን ጊዜ ነገርኳት። እናትሽ ልትመጣ ነው፤ ደሴ ቤት ልትከራይ ነው አልኳት።

መጽሐፉን ዘጋች። ከዚያ፣ «እንድንሄድ ነው ወይስ እንድሄድ?» አለችኝ።

«እንድትሄጂ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያን ቀን አላናገረችኝም። በማግስቱ ግን ቁልፍ እየተከለችልኝ ጥያቄዋን ጀመረች። «ትቆጣለች? ሒሳብ ትችላለች? ስትተኛ መብራት ታጠፋለች? ሲስቁባት ታኮርፋለች?» ግማሹን አላውቅም አልኳት። የማውቅሽ ልጅ ሳለሽ ነው፤ ያኔ ታኮርፊ ነበር። እሱን ነገርኳት፤ ሳቀች።

ሱሬ፣ እናቷ አንቺ ነሽ። ደሴ ካልሽ ደሴ ነው፤ ልብሷን አጥቤ፣ የሚጠበውን አስፍቼ አዘጋጃለሁ። እኔን ብለሽ ሐሳብሽን አትለውጪ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በሰው ፊት ተነስተሽ ስሜን ጠርተሽ ጥያቄዬን ስትጠይቂ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቂኝ። ስሜ ከባቲ አልፎ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ለሴቶቹ ሁሉ የተፈረመበትን ገጽ አሳይቻቸዋለሁ። ሰው በሞላበት፣ በባዕድ አገር፣ እጅሽን ለእኔ አነሳሽ። እኔ ብሆን የምችለው አይመስለኝም።

እህትሽ ፈውዚያ


ኡም ሰላል መሐመድ፣ ዶሃ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈውዚያ፤

ከዚህ በላይ ሰላምታ ባውቅ በጻፍኩልሽ። አላህ ያቆይሽ፤ ለእኔም ለእሷም።

ባለፈው ዓርብ የሔርሜላ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሳቢር ከሚስቱ ጋር መጣ። ንባቡ ካለቀ በኋላ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲጋፋ እኔ ጥግ ይዤ ጠበቅሁ። ስትጨርስ ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «የፈውዚያ እህት» ነው የምትለኝ። በስፌት ቤትሽ መጽሐፉን እንዴት እንደምታነቡት ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰዕዲያ ያለችውን ነገርኳት፤ እንድንሄድ ነው ወይስ እንድሄድ ያለችውን። ደግመሽ በይልኝ አለችኝ። ደገምኩላት። «ይሄን እኔ ጽፌው በሆነ» አለች።

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«እኔ የተሳሳትኩትን ሰርዤ እንደገና እጽፋለሁ፤ አንቺ መሰረዝ አትችዪም። ስለዚህ አልመክርሽም» አለች። «ግን ልጠይቅሽ። ደሴን ለምን መረጥሽ?»

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ሌላ ነገር ወጣ። «ኮምቦልቻ ላይ ሁሉም ሰው እናቷን ያውቃታል፤ እኔን አይደለም። ደሴ ላይ ማንም አያውቀንም፤ ብቻዬን እናት እሆናለሁ ብዬ ነው» አልኳት።

አልፈረደችብኝም። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሰው ጠራትና ሄደች። መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉን የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር። ይህቺ ሴት ግን ሙሉ አዳራሽ ሰው እየሰማት፣ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፤ ከዚያ ትጠይቅሻለች፤ መልስሽን ደግሞ እስክትጨርሺ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ መመለሴ ብቻውን ለዘጠኝ ዓመቱ አንድ ነገር ነው።

ለማዳምም ነገርኳት። «ጃሲም ትምህርት ቤት እስኪገባ አንድ ዓመት ቆዪልኝ፤ ደመወዝሽን እጨምራለሁ» አለችኝ። «ማዳም፣ እኔም ልጅ አለችኝ» አልኳት። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን ይሄን ቃል እንዲህ አድርጌ ብዬላት አላውቅም። ሁለታችንም ኩሽና ውስጥ ተቀምጠን አለቀስን። አዲሷ ሠራተኛ ከመሄዴ በፊት እንድትመጣ ለመንኳት፤ ጃሲም እንዲለምዳት፤ አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነሳ ብቻ እንዳያጣኝ። እሺ ብላለች።

አሁን ስሚኝ፣ እትዬ። የደሴውን ቤት ተውኩት። ክፍል የምትፈልጊልኝ እዚያው ሰፈራችን ነው፤ ካንቺ ደጅ ባይርቅ እመርጣለሁ። ሰዕዲያ የምታድረው ያሻት ቦታ ነው። «እማ» ስትልሽ በኔ ፊት ትበልሽ፤ ጮክ ብላ ትበልሽ። ልወስዳት አልመጣም። ልጨመርባችሁ ነው የምመጣው።

ሱረያ


ኮምቦልቻ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱሬ፤

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የሚቀበልሽን ሰው በሙሉ በጤና ያቆይልሽ።

ደብዳቤሽን ሰዕዲያ አነበበችልኝ። «ልጨመርባችሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ እኔም መርፌው ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ሻይ ሻጯ በግድግዳው በኩል፣ «ምነው ዝም አላችሁ?» አለች።

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ያለው ክፍል ተከራይ ለቆት ነበር፤ ያዝኩልሽ። ጠባብ ነው፤ ፀሐይ ግን ይገባዋል። ሰዕዲያ ግድግዳውን ኖራ ልቀባ ብላ ግማሹን ራሷን ቀባች። አልጋ ስንገዛ አንድ ሰው የሚችለውን አሳየኋት፤ ሰፊው ይሻላል ብላ ድርቅ አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ረመዳንን አብረን እንይዛለን ኢንሻአላህ። ምን ላምጣ ብለሽ አትጠይቂኝ። ጃሲምን በደንብ ተሰናበቺው።

ሰዕዲያ ከታች የራሷን ልጻፍ ስላለች ቦታ ትቼላታለሁ። አላነበውም ብያታለሁ።

እህትሽ ፈውዚያ


እማ ሱሬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰዕዲያ ነኝ።

ትንሽ ልጅ ሆኜ ስትመጪ ተደብቄብሽ ነበር አሉኝ። እኔ አላስታውስም። አሁን አስራ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ አልደበቅም። ግን ላፍርሽ እችላለሁ፤ ላላናግርሽም እችላለሁ። እንዳይከፋሽ። እኔ አዲስ ሰው ሲመጣ እንደዚህ ነኝ፤ አስተማሪዎቼም ያውቃሉ። ከቆየ ግን እለምዳለሁ።

ስለዚህ ቆዪ።

ሰዕዲያ